ወፈፌውን ወፈፌ ብላችሁ አስታውሱልኝ

ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም የገባን ሰሞን የኛ ብሎክ ውስጥ ማታ ማታ ጊታር የሚጫወቱ አንድ ሽማግሌ ነበሩ፣ ሰፈሩ "ጋሼ ጊታር" ነበር የሚላቸው። ቤታቸው ውስጥ አይጫወቱም። ሶስተኛና አራተኛ ፎቅ መሀል ደረጃው ላይ ነው ቁጭ የሚሉት፣ ባዶው ኮንክሪት ድምፁን ያስተጋባዋላ። ውሃ በጠፋ ቀን ጄሪካን ይዘህ ስትወጣ እግራቸውን አይሰበስቡልህም፣ ዜማው እስኪያልቅ እዛው ትገተራለህ። ስልክ አውጥተህ ልትቀርጽ ካልክማ አለቀልህ፣ መዳፋቸውን ገመዱ ላይ ጭነው ድምፁን እፍን ያደርጉና "ሌባ!" ይሉሃል።

ያረፉ ጊዜ ድንኳን ውስጥ የሕይወት ታሪካቸው ተነበበ። ትሁት፣ ሰው አክባሪ፣ ሕጻናት የሚወዱ። አጠገቤ የነበረው የጎረቤት ልጅ በክርኑ ጎሸም አረገኝ፣ በጫማ ያባረሩት ልጅ ነው። ስለ ጊታሩ የተባለው አንድ መስመር ነው፣ "በትርፍ ጊዜያቸው ሙዚቃ ይወዱ ነበር"። በትርፍ ጊዜያቸው!

ያን ሰሞን ስለ ጆን ፌሂ እያነበብኩ ስለነበር ነው መሰለኝ ነገሩ በጣም የከነከነኝ። ፌሂ አሜሪካዊ የአኩስቲክ ጊታር ሰው ነው፣ በፈረንጅ 1939 ተወልዶ 2001 ላይ 62 ዓመት ሊሞላው ስድስት ቀን ሲቀረው የሞተ። ድምጻዊ የለም ባንድ የለም፣ የብረት ገመድ ያለው አንድ ጊታር ብቻ፣ አውራ ጣቱ ቤዙን እየረገጠ ሌሎቹ ጣቶች ዜማውን ይዘው ይሄዳሉ። ብዙ ጊዜ ገመዶቹን ከተለመደው አውጥቶ ባዶውን ሲመታቸው አንድ ኮርድ እንዲሰጡ አርጎ ይቃኛቸዋል። ክራር ለነካ ሰው ይሄ ብርቅ አይደለም፣ ትዝታ ልትጫወት ከሆነ መጀመሪያ ክራሩን ለትዝታ ነው የምትቃኘው። ከሱ በኋላ ጊታር ብቻውን ይዞ መድረክ የሚወጣ አሜሪካዊ ሁሉ የሆነ ነገር የሱ አለበት ቢባል ብዙም ማጋነን አይሆንም።

የሰዎች ወሬ ግን ስለ ጣቶቹ ብቻ አይደለም። 1959 ላይ የመጀመሪያ አልበሙን 100 ኮፒ ብቻ አሳትሞ ግማሹን "ብላይንድ ጆ ዴዝ" የሚባል ራሱ የፈጠረው ዓይነ ስውር ዘፋኝ ነው የተጫወተው ብሎ፣ ከዛ አንዳንዱን ኮፒ ሰልባጅ ሱቅ ውስጥ ደብቆ አስቀምጦ ወጣ። ኋላ ሳሌም ኦሬጎን ደህይቶ፣ ጊታሩን አስይዞ፣ ያገለገሉ የክላሲካል ሸክላዎች እየለቀመ እየሸጠ ነበር የሚኖረው፣ ፈልገው ያገኙት ሰዎችም ያገኙት ይሄን ሰው ነው። የድሮዎቹን ተጫወትልን ስትለው ፊት አይሰጥም፣ የድሮ ስራውን ራሱ ያጣጥለው ነበር።

ደግሞ እሱ ራሱ አድናቂ ነበር እኮ። 1963 ላይ ቡካ ዋይትን ፍለጋ "ለቡካ ዋይት፣ አሮጌ ብሉዝ ዘፋኝ፣ አበርዲን፣ ሚሲሲፒ" ብሎ ደብዳቤ ላከ፣ አድራሻ ተብሎ ያለው ሰውየው ስለ አበርዲን መዝፈኑ ብቻ ነው፣ ደብዳቤውም ሜምፊስ ድረስ ሄዶ አገኘው! በዓመቱ ደግሞ ከሁለት ጓደኞቹ ጋር ሌላውን የድሮ ብሉዝ ዘፋኝ ስኪፕ ጄምስን ሚሲሲፒ ሆስፒታል ተኝቶ አገኙት። ያን ሁሉ መንገድ ሄዶ ያገኘውን ሰው ፌሂ አልወደደውም፣ አለመውደዱንም አልደበቀም። እኔ የማደንቀው ይሄን ነው፣ ሙዚቃውን እየወደደ ሰውየውን በቅቤ አላሸውም።

ሙት ወቃሽ አያድርገኝ የምትሉኝ እንዳላችሁ አውቃለሁ፣ የቤተሰብ ሐዘን አለ፣ የእድር ሰው አለ፣ ይገባኛል። እኔ ግን እየወቀስኩ አይደለም። ትሁት ሰውማ በየብሎኩ አለ፣ እግሩን ሰብስቦ "እለፍ ልጄ" የሚል። ጋሼ ጊታር እንደዛ ቢሆኑ ኖሮ እኔ ቤቴ ገብቼ ውሃዬን እቀዳ ነበር። ከዜማዎቻቸው አንዱን፣ አልፎ አልፎ እየቆመ የሚመለሰውን፣ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ የማውቀው ባለ 20 ሊትር ጄሪካን ተሸክሜ፣ ጣቴ እየተቆረጠ፣ በሆዴ እየተሳደብኩ ቆሜ ስለሰማሁት ነው። ቅጂ የለውም፣ ሌባ ተብለናላ። አሁን ደረጃው ላይ ማንም የለም፣ ቀጥ ብለህ ትወጣለህ።