ወተት ሲፈስ ጭንቅላትም ይታይ

ስለ ፔሬድ መቅረት የሚያወራ አንድ ጽሁፍ አነበብኩ፣ ማህፀንና እንቁላል ብቻ ነው የተነሳው፣ ጭንቅላት ውስጥ ስላለችው ፒቱታሪ ስለምትባል ሆርሞን አመንጪ ትንሽ ዕጢስ? እህቴ 8 ወር ሙሉ ፔሬዷ ቀርቶ የእርግዝና ቴስቱ ደጋግሞ ኔጌቲቭ እያለ ጡቷ ግን ወተት ያፈስ ነበር፣ ሸሚዟ ላይ እርጥብ ክብ እየሰራ አልጋዋ ላይ ቁጭ ብላ ስታለቅስ አይቻታለሁ፣ ሰፈር ደግሞ መቼም ወሬ አያጣም። በኋላ አንዲት ዶክተር ደም አስመርምራት ከፒቱታሪ የሚወጣው፣ ጡት ወተት እንዲሰራ የሚያደርገው ፕሮላክቲን የሚባለው ሆርሞን በጣም ከፍ ብሎ ተገኘ። ነገሩ እንዲህ ነው፣ ሃይፖታላመስ የሚባለው የአንጎል ክፍል በየተወሰነ ሰዓቱ ለፒቱታሪ ምልክት ይልካል፣ እሷ ደግሞ ኤፍኤስኤችና ኤልኤች የሚባሉ ሆርሞኖች ታመነጫለች፣ እንቁላሉን የሚያሳድጉትም የሚያስወጡትም እነሱ ናቸው፣ ፕሮላክቲን ሲበዛ ያ የመጀመሪያው ምልክት ይዳከምና ሁሉም ቀጥ ይላል። የምታጠባ እናት ፔሬዷ የሚዘገየውም በዚሁ ነው። ወንድ ላይም ፕሮላክቲን ሲበዛ ቴስቶስትሮን ይቀንሳል፣ ስለዚህ ልጅ ዘገየ ተብሎ ሴቷ ብቻ አትወቀስ!! እህቴ የጭንቅላት ኤምአርአይ ተነስታ ፒቱታሪዋ ላይ ከ1 ሴንቲሜትር ያነሰ ቱመር (እብጠት) ተገኘባት፣ ካንሰር አይደለም፣ ካበርጎሊን የሚባል ፕሮላክቲን የሚቀንስ መድኃኒት በሳምንት 2 ጊዜ እየዋጠች በ3ኛው ወር ፔሬዷ መጣ። እህቶቼ እባካችሁ ሳትወልዱ ወተት ካያችሁ ዝም አትበሉ፣ የምትወስዱትንም መድኃኒት ለሐኪም ንገሩ፣ አንዳንድ የአእምሮ ሕመምና የማስታወክ ማስታገሻ መድኃኒቶችም ፕሮላክቲን ከፍ ያደርጋሉ።