ዓመተ ምሕረት ከላቲን የተገለበጠ ስም አይደለም

ሰሞኑን የመማሪያ መጻሕፍት አርታዒዎች በተሰበሰቡበት አንድ ሥልጠና ላይ ተገኝቼ ነበር። አሠልጣኙ ከእንግዲህ በምናርማቸው ጽሑፎች «ዓ.ም.» ቀርቶ «የጋራ ዘመን» የሚል መጠሪያ እንዲገባ ሐሳብ አቀረቡ፤ ምክንያታቸውንም ሲያስረዱ «ዓ.ም. የላቲኑ አኖ ዶሚኒ ትርጉም ነው፤ ፈረንጆቹ ራሳቸው እየተዉት እኛ የምንጠብቅላቸው ለምንድን ነው?» አሉ። ብዙዎች በስምምነት ራሳቸውን ሲነቀንቁ እያየሁ ዝም ብዬ መውጣቴ ይቆጨኛል።

አኖ ዶሚኒ «በጌታ ዓመት» ማለት ነው፤ ዓመተ ምሕረት ግን «የምሕረት ዓመት» ነው። «ጌታ»ን «ምሕረት» ብሎ የሚተረጉም የግእዝ ሊቅ ከየት ተገኘ? አኖ ዶሚኒን ያወጣው ዲዮናስዮስ የተባለ መነኩሴ ሲሆን ዘመኑም እ.ኤ.አ. 525፣ ቦታውም ሮም ነው። እኛ የምንቆጥርበት ስሌት ግን የእስክንድርያው መነኩሴ አንያኖስ ከእርሱ አንድ መቶ ዓመት ያህል ቀድሞ ያዘጋጀው ነው። በሁለቱ መካከል ያለው የሰባትና የስምንት ዓመት ልዩነትም ከዚህ የመጣ ነው። ከዚህም በላይ በጥንት የግእዝ ጽሑፎች ዓመተ ምሕረት በ532 ዓመቱ ዐቢይ ቀመር ውስጥ የሚቆጠር ዓመት ነበር፤ ቀመሩ ሲሞላ ቁጥሩ እንደገና ከአንድ ይጀምራል። አኖ ዶሚኒ ግን አንድም ጊዜ ወደ አንድ ተመልሶ አያውቅም። እንዲህ ያለውን ስም የላቲን ቅጂ ማለት የዘመን አቆጣጠር ትምህርታችንን፣ የባሕረ ሐሳብን፣ ደጃፍ አለመርገጥ ነው።

ስሙ ብቻውን የቆመም አይደለም። እንደ ትውፊታችን አዳም በአምስት ቀን ተኩል፣ ማለትም በ5,500 ዓመት፣ እንደሚድን ተስፋ ተሰጥቶታል፤ ያ የመጠበቂያ ዘመን ዓመተ ፍዳ፣ ዓመተ ኩነኔ ይባላል፤ ተስፋው ከተፈጸመ በኋላ ያለው ደግሞ ዓመተ ምሕረት ነው። ሁለቱ ሲደመሩ ዓመተ ዓለምን ይሰጣሉ። በ2018 ዓ.ም. መስከረም አንድ ቀን ዘመኑ ዘመነ ማርቆስ መሆኑ የታወጀው 5,500 እና 2,018 ተደምረው 7,518 ለአራት ሲካፈል ሁለት ስለሚተርፍ ነው። ምሕረትን ከዚህ ሰንሰለት አውጥቶ «የጋራ» የሚል ቃል የሚያስገባ ሰው ፍዳውን ከማን ጋር ሊያጣምረው ነው?

«ስም ብቻ ነው፤ ቁጥሩ አይነካም» የሚል መልስም ሰምቻለሁ። ቁጥር ሳይነካ ስም ብቻ መለወጥ ምን ያህል እንደሚናገር ግን የእስክንድርያ ክርስቲያኖች አሳይተውናል። እ.ኤ.አ. በ284 የነገሠው የሮም ቄሣር ዲዮቅልጥያኖስ አብያተ ክርስቲያናትን አፈረሰ፤ መጻሕፍትን አቃጠለ፤ ምእመናንን ፈጀ። ግብጾች ዓመታትን የሚቆጥሩት ግን ከእርሱ ንግሥ ተነሥተው ነበር። ዲዮናስዮስ የአሳዳጁን መታሰቢያ ላለማቆየት ሲል ቆጠራውን ትቶ አዲስ ጀመረ። ግብጾቹ ግን ያንኑ ቆጠራ ይዘው፣ አንድ ዓመት ሳይጨምሩና ሳይቀንሱ፣ ዓመተ ሰማዕታት አሉት። ገዳዩ የነገሠበት ዓመት የተገደሉት መታሰቢያ ሆነ። ይህን ሁሉ ያደረገው ስም ነው፤ ስሙን መልሶ መንጠቅም የዚያኑ ያህል ከባድ ነው። «የጋራ ዘመን» የሚለው መጠሪያ ደግሞ የዲዮናስዮስን ቁጥር እንዳለ ወስዶ የቁጥሩን ምክንያት ብቻ የሚሰውር ነው፤ እኔ ይህን ገለልተኝነት አልለውም፤ መደበቅ ነው።

የመንግሥት ጽሑፍ የሁሉም እምነት ተከታዮች መሆኑን አልክድም። ይሁንና ሙስሊሙም ነጋዴ ደረሰኙ ላይ ዓ.ም. ብሎ ሲጽፍ የኖረ ነው፤ ስሙ ይቀየር የሚል ወገን ካለም በግልጽ ይጠይቅ እንጂ የሐሰት የትርጉም ታሪክ አይፍጠር።

አርታዒዎቻችን ሥራ ከፈለጉ በእጃቸው ያለውን ይመልከቱ። ከክርስቶስ ልደት በፊት ለማለት «ዓ.ዓ.» የሚል መጽሐፍ ሞልቷል። ዓመተ ዓለም ግን ከፍጥረት ጀምሮ ወደ ፊት የሚቆጠር ነው። «ታላቁ እስክንድር በ323 ዓ.ዓ. ሞተ» ብሎ የሚያነብ ተማሪ፣ 930 ዓመት የኖረው አዳም ገና በሕይወት ሳለ የመቄዶንያው ንጉሥ ባቢሎን ላይ ሞተ ተብሎ እየተማረ ነው። ትክክለኛው «ቅድመ ልደተ ክርስቶስ» ነው፤ መጀመሪያ የሚታረመውም ይኸው ነው።