ክራር መቃኘትም ልምምድ ነው

ልጆችን ሙዚቃ ስለማስተማር የወጣውን ጽሑፍ አነበብኩት። ጸሐፊው «ማንኛውም ልጅ በፒያኖ ቢጀምር ይሻላል» ብለዋል። ምክንያታቸው ይገባኛል፤ ቁልፉን ሲጫኑት ድምፁ ተስተካክሎ ይወጣል። ክራርን ግን እንዲህ በቀላሉ ባናልፈው ደስ ይለኛል።

ልጄ የምትማረው ክራር ነው። ስድስት ክር አለው፤ ስድስተኛው የመጀመሪያውን ድምፅ ከፍ አድርጎ ይደግማል። ከትዝታ ቅኝት ወደ ባቲ ቅኝት ለመሄድ እንደገና መቃኘት አለባት። አንዱን ክር ትመታለች፣ ታዳምጣለች፣ ትንሽ ታጠብቃለች፣ ደግማ ትመታለች። ከሌላ ክፍል ለሚሰማ ሰው ጊዜ የምታባክን ይመስላል። ጆሮዋ የሚሠራው ግን ያኔ ነው። እባካችሁ ወላጆች፣ «አሁን ዘፈኑን ተጫወቺ እንጂ!» አትበሉ።

አስተማሪ ስትመርጡም ይህን እዩ። አንድ ክፍለ ጊዜ ቁጭ ብላችሁ ተመልከቱ። የያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት ምሩቅም ቢሆን፣ ክራሩን ሁሌ ራሱ ቃኝቶ የሚያቀብል ከሆነ ልጁ ቤት ሲገባ ምን ሊያደርግ ነው? ክር እንደሆነ ይላላል።

«ቅዳሜ ቅዳሜ አንድ ሰዓት ይለማመዱ» የሚለው የጸሐፊው ምክር ደግሞ ጭራሽ አልተዋጠልኝም። በየቀኑ ሩብ ሰዓት ይበልጣል፤ የልጅ ጣት ቶሎ ይደክማል። መሣሪያውም ቁም ሳጥን ውስጥ አይቆለፍ። እኛ ቤት ሳሎን ግድግዳው ላይ ነው የተሰቀለው፤ ስታልፍ ስታገድም ታነሳዋለች። ሙዚቃ የማይችል ወላጅም ስልኩን አስቀምጦ አጠገቧ ቁጭ ማለት አያቅተውም። በፈተና ሰሞን ልምምዱ ይቀንስ እንጂ አይቋረጥ።