ገመዱና መቀሱስ?

ባነበብኩት አንድ ጽሑፍ ላይ ጸሐፊው ስለ ዴንማርካዊው የተረት ደራሲ ስለ ሃንስ ክርስቲያን አንደርሰን ለልጆች የሚዘጋጅ ባለ ሥዕል የሕይወት ታሪክ ድህነቱን በአንድ ገጽ አሳልፎ ቶሎ ወደ ተረቶቹ ቢገባ ይሻላል ብለዋል። እኔ አልስማማም። ልጆች የሚይዙት እኮ ያንን ነው! አባቱ ጫማ ሰፊ፣ እናቱ የሰው ልብስ አጣቢ፤ በኦዴንሴ ከተማ የሚኖሩባት ቤት አንዲት ጠባብ ክፍል፤ አባት ለልጁ በእጁ የሠራለት የአሻንጉሊት ቲያትር። ለሠዓሊ ከዚህ የበለጠ ምን ይሰጠዋል?

ልጁ በ1819 ዓ.ም. (በአውሮፓውያን አቆጣጠር) በ14 ዓመቱ ብቻውን ወደ ዋና ከተማዋ ኮፐንሃገን ሄደ። በ17 ዓመቱ ደግሞ በዕድሜ በጣም ከሚያንሱት ሕፃናት ጋር ተማሪ ቤት ገባ። ያ ረጅምና አፍንጫ ትልቁ ጎረምሳ በትንሿ ወንበር ላይ ተጣጥፎ ሲቀመጥ ይታያችሁ። የተረቱ «አስቀያሚዋ ዳክዬ» ከየት እንደመጣች ለልጅ ማብራራት አያስፈልግም።

ጽሑፉ ጨርሶ የረሳው መቀሱን ነው። አንደርሰን ተረት እያወራ ወረቀት አጥፎ ይቆርጥ ነበር፤ ሲዘረጋው ዳንሰኞች፣ ወፎችና ግንቦች ይወጣሉ። ሌላም አለ፦ እሳት ስለሚፈራ ሲጓዝ ከሻንጣው ገመድ አይለይም ነበር፣ ሆቴሉ ቢቃጠል በመስኮት ለመውረድ።

ይህን ለሰባት ዓመት ልጄ ስነግራት መጀመሪያ የጠየቀችኝ «ገመዱ መሬት ይደርሳል?» ብላ ነው። ከዚያ መቀስ አነሳች። የሳሎኑ ምንጣፍ እስካሁን በወረቀት ቁርጥራጭ እንደተሸፈነ ነው።