ሱሪ ስተኩስ ኖሬ እኔኑ ሊተኩሱኝ

አጎቴ ጎንደር፣ አራዳ ላይ ከ30 ዓመት በላይ የሰፋ ልብስ ሰፊ ነው። ቀኑን ሙሉ ጎንበስ ብሎ የዋለ ወገብ መቼም ዝም አይልም። ወጌሻ አሸው፣ ፀበል ገባ፣ ማስታገሻ ዋጠ። «ዲስክ ነው» ያላለው ሰው የለም፤ እኛ ጋ ወገቡን ያመመው ሁሉ ዲስክ ነው። በመጨረሻ ያን የታመመ ወገብ ይዞ ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ በአውቶቡስ ተጉዞ አዲስ አበባ ገባ። አንድ ክሊኒክ ኤምአርአዩን አየት አድርገው «ቀዶ ጥገና አያስፈልግዎትም፣ ነርቩን በመርፌ እናቃጥለዋለን» አሉት፣ ዋጋውንም ነገሩት። ማታ ደወለልኝ። «አንተ፣ ሱሪ ስተኩስ ኖሬ እኔኑ ሊተኩሱኝ ነው!»

ሕክምናው የውሸት አይደለም። ሬዲዮፍሪኩዌንሲ አብሌሽን ይባላል። ከአከርካሪ አጥንቶች ጀርባ ፋሴት የሚባሉ ትንንሽ መገጣጠሚያዎች አሉ፤ ህመማቸውን ወደ ላይ የሚያደርሱ ቀጫጭን ነርቮች አሏቸው። ጫፉ ብቻ ባዶ የሆነ፣ ሌላው አካሉ ኤሌክትሪክ በማያስተላልፍ ነገር የተሸፈነ መርፌ በራጅ እየታየ እዚያ ነርቭ አጠገብ ይደርሳል። ከጄኔሬተሩ ጋር ይገናኛል (ጄኔሬተር ስል መብራት ሲጠፋ የሚንደቀደቀውን አይደለም፣ ጠረጴዛ ላይ የሚቀመጥ ሳጥን ነው)። መርፌው እንደ ካውያ ግሎ አይደለም የሚያቃጥለው። ሙቀቱ የሚፈጠረው ጫፉ ዙሪያ ባለው ሥጋ ውስጥ ነው፣ ወደ 80 ዲግሪ ይደርሳል፣ ከ60 እስከ 90 ሰከንድ ይቆያል። ከዚያ በፊት በሰከንድ 2 ጊዜ የሚመታ ቀላል ኤሌክትሪክ ይለቀቅና እግር ይታያል። እግር ከዘለለ መርፌው መነካት የሌለበት ነርቭ አጠገብ ነውና ቦታው ይቀየራል።

ግን ነርቩ ተመልሶ ያድጋል። ብዙ ጊዜ ከ6 ወር እስከ አንድ ዓመት ያሳርፋል፣ ከዚያ ህመሙ ሊመለስ ይችላል። ዲስክ ተንሸራቶ ነርቭ ተጭኖ ህመሙ እስከ እግር ለሚወርድበት ሰው ደግሞ ይህኛው መፍትሄ አይደለም።

ክሊኒኩ የዘለለው ነገር ይኸው ነው የሚያናድደኝ። ከማቃጠል በፊት የሙከራ መርፌ አለ። እነዚያው ነርቮች ላይ ጥቂት ሊዶኬይን ይወጋና ለጥቂት ሰዓት ህመሙ በደንብ ይቀንስ እንደሆነ ይታያል። ካልቀነሰ ችግሩ እዚያ አይደለም ማለት ነው፣ ታዲያ ምን ሊያቃጥሉ ነው? ኤምአርአይ ይህን አይነግርም። መገጣጠሚያው የተበላ መስሎ የሚታይ፣ ግን ምንም የማያመው ሰው ሞልቷል።

በሰው በሰው ሌላ ሐኪም አገኘንለት። ሙከራውን ሠሩለትና «እስቲ የሚያምዎትን ሁሉ ይሞክሩ፣ ጎንበስ ቀና ይበሉ» አሉት። ኮሪደሩ ላይ እንደ ሥራው ተጎንብሶ ቆመ። ህመሙ ንቅንቅ አላለም። ማቃጠሉ ቀረ፣ ብሩም ኪሱ ቀረ።

ጎንደር ላይ ሰው ስለ ሕክምና ሲያወራ «ማሽኑ በመጣልን» ይላል። እኔ ግን ሳጥኑ አያጓጓኝም። መጀመሪያ የሙከራ መርፌውን በራጅ እያየ በትክክል የሚወጋ እጅ ይኑረን፣ ለዚያም የሚሆን ተንቀሳቃሽ ራጅ፣ ሲ-አርም የሚሉትን። ሳጥኑ ቢመጣም ልዩ መርፌዎቹ በውጭ ምንዛሬ የሚገዙ ናቸው፤ እነሱ ሲያልቁ ማሽኑ አቧራ ይጠጣል። የሙከራ መርፌው ግን ሊዶኬይን ነው፣ ጥርስ ሲነቀል የሚወጋው።

አጎቴ አሁን ፊዚዮቴራፒ ይመላለሳል። ወንበሩንም ከፍ አድርጎታል፣ ትንሽ ቀለል ብሎታል። እኛ ጋ ሙከራው የት እንደሚሠራ ስንጠይቅ መልሱ «አዲስ አበባ ሂዱ» ነበር። ደርሶ መልስ ከ1,400 ኪሎ ሜትር በላይ፣ ለአንድ ነርቭ ግማሽ ሚሊ ሊትር እንኳ ለማትሞላ ማደንዘዣ።