«ለዲጂታል ዝግጁ» የተባለው ሎኮሞቲቭ

«ለዲጂታል ዝግጁ» ተብሎ የተሸጠላችሁን የሞዴል ባቡር ሎኮሞቲቭ ገዝታችሁ ክዳኑን የከፈታችሁ ሁሉ ብሶቴን ሳልጨርሰው ትረዱኛላችሁ። ዝግጁ የተባለው አንድ ሶኬት ብቻ ነው። ትእዛዝ ተቀብሎ ሎኮሞቲቩን የሚያንቀሳቅሰው ትንሽ የኤሌክትሮኒክስ ሰሌዳ፣ ዲኮደሩ፣ ለብቻው ይገዛል፤ ድምፅ ያለው ከሆነ ደግሞ እኔ በምኖርበት ጀርመን ብዙውን ጊዜ ከ100 ዩሮ በላይ ያስወጣል። ድምፅ ማጉያው የት ይግባ የሚለውን ግን ያሰበበት ሰው ያለ አይመስልም።

ነገሩን ለማታውቁት፦ በዲጂታሉ አሠራር ሐዲዱ ላይ ኃይል ሁልጊዜ አለ፣ ትእዛዙም በዚያው ኃይል ተሳፍሮ ይሄዳል፤ በየሎኮሞቲቩ ሆድ ውስጥ ያለው ዲኮደርም የራሱን አድራሻ ሲሰማ ብቻ ሞተሩን፣ መብራቱንና ድምፁን ያንቀሳቅሳል። መሠረቱን የጣለው የጀርመኑ ሌንዝ ኩባንያ ሲሆን፣ የአሜሪካው የሞዴል ባቡር ማኅበር እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ የጋራ ደረጃ አድርጎታል። የሽቦው ቀለም ሳይቀር ተደንግጓል፤ ቀይና ጥቁር ከሐዲዱ ይመጣሉ፣ ብርቱካናማና ግራጫ ወደ ሞተሩ ይሄዳሉ፣ ነጭ ለፊት መብራት፣ ቢጫ ለኋላ ነው። ይህን ያህል የጠራ ሕግ እያለ ሥራው ዛሬም የገዢው ዕዳ መሆኑ ነው የሚያንገበግበኝ።

ባለፈው ሰሞን የከፈትኩትን ባለ 1፡87 መጠን (ከእውነተኛው 87 ጊዜ ያነሰ) የናፍጣ ሎኮሞቲቭ ልንገራችሁ። ሶኬቱ ባለ ስምንት እግር ነበር። ከስምንቱ እግሮች አንዱም ለድምፅ ማጉያ አልተመደበም፤ ስለዚህ የማጉያው ሁለት ሽቦዎች እንደ ፀጉር ቀጥነው ለብቻቸው ይጎተታሉ። (ባለ 21 እግሩ ሶኬት ለማጉያም ቦታ አለው፤ ዋጋው ከፍ ባለ ሞዴል ላይ አሮጌውን ሶኬት ማስገባት ለምን እንዳስፈለገ የሚመልስልኝ አላገኘሁም።) ክዳኑ በተሸሸጉ ጥርሶች የተያዘ በመሆኑ በቀጭን ካቻቢቴ እየፈለቀቅሁ ሳላቅቀው ከመወጣጫ እጀታዎቹ አንዱ ተሰበረ። ውስጡ ከጫፍ እስከ ጫፍ የብረት ክብደት ነው። ማጉያውን እንዲሁ ሽቦ ላይ አንጠልጥሎ መተውም አይቻልም፤ ከኋላው የታሸገ ሣጥን ከሌለው ከፊቱና ከጀርባው የሚወጣው ሞገድ እርስ በርሱ ስለሚጠፋፋ፣ የናፍጣ ሞተር ጉርምርምታ ሆኖ የተቀረጸው ድምፅ የትንኝ ጩኸት ይሆናል። የቀረኝ አማራጭ ክብደቱን በሞረድ እየሞረዱ ለማጉያው ጉድጓድ መክፈት ነበር። ብረቱ በተቀነሰ ቁጥር ደግሞ ጎማዎቹ ሐዲዱን የሚይዙበት ኃይል አብሮ ይቀንሳል።

የድሮዎቹን አታንሱብኝ። በብዙዎቹ የሞተሩ አንድ ጫፍ የብረት አካሉን ነክቶ ስለሚሠራ፣ መጀመሪያ ያንን ለይቶ በማይተላለፍ ቴፕ ካልሸፈኑት ዲኮደሩ ወዲያው ይቃጠላል። እሱስ ቢያንስ ዲጂታል ከመምጣቱ በፊት የተሠራ ነው፤ ሰበብ አለው።

ሁሉም ተገጥሞ ካለቀ በኋላ አድራሻ መስጠት ይመጣል። ከፋብሪካ ሲወጣ አድራሻው 3 ነው። አድራሻው የሚጻፍበት ለብቻው የተለየ ሐዲድ፣ የተሳሳተ ሽቦ ቢኖር ዲኮደሩ እንዳይቃጠል ተብሎ የኤሌክትሪክ ጅረቱ የተገደበ ነው፤ የድምፅ ዲኮደር ኃይል ከሚያጠራቅመው ካፓሲተሩ ጋር ሲነሣ ግን ከዚያ በላይ ሊስብ ስለሚችል መቆጣጠሪያው «ማንበብ አልተቻለም» ይላል። ጤነኛ ዕቃ ተበላሽቷል ብሎ የሚመልሰው ሰው ቁጥሩ ቀላል እንደማይሆን እገምታለሁ።

የትኛው ማጉያ ይገባበታል ብዬ ለአምራቹ ብጽፍ ሻጭህን ጠይቅ አለኝ፤ ሻጩም ለአምራቹ ጻፍ አለኝ። ካታሎጉ ላይ የሎኮሞቲቩን ርዝመት ከመጋጫ እስከ መጋጫ በሚሊሜትር የሚያሰፍር ድርጅት፣ የማጉያውን ቦታ ርዝመት፣ ስፋትና ከፍታ አክሎ ለመጻፍ የምታስፈልገው አንዲት መስመር ናት፤ እሷ እስክትጻፍ ድረስ ከዚህ አምራች ሌላ ሎኮሞቲቭ አልገዛም።