የዞን ስፋት፣ የአንድ ቀበሌ ሰው

አሜሪካ ውስጥ ከዴንቨር ከተማ ወደ ደቡብ ዳኮታ ጭነት ሳደርስ ብዙ ጊዜ የምይዘው ኔብራስካ በሚባለው ስቴት በኩል ያለውን ሀይዌይ 83ን ነው። ቴድፎርድ የምትባለውን ትንሽ መንደር ካለፍኩ በኋላ እስከ ቫለንታይን ድረስ 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ከተማ የለም፤ ማደያም የለም። ግራና ቀኝ ሳር የለበሰ ጉብታ በጉብታ ላይ ነው። እኔ የመንዝ ልጅ ነኝ፤ ሳርና ሜዳ ብርቄ አይደለም። በሳሩ ላይ ሰው ማጣት ግን እስካሁን አልለመድኩትም።

አካባቢው ቼሪ ካውንቲ ይባላል። ካውንቲ እንደ እኛ ወረዳ ከስቴት በታች ያለ አስተዳደር ነው። ቼሪ ግን ከ15,500 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ ኮነቲከት ከሚባለው ስቴት ይሰፋል፤ ምሥራቁና ምዕራቡ በሰዓት እንኳ ይለያያሉ። የእኛ ሰሜን ሸዋ ዞንም በስፋት ከዚህ ብዙ አይርቅም። በ1999 ዓ.ም. ቆጠራ ሰሜን ሸዋ ከ1.8 ሚሊዮን በላይ ሰው ነበረው። ቼሪ በ2020 እ.ኤ.አ. የተቆጠረበት 5,455 ነው። ከዚያም ግማሽ ያህሉ ቫለንታይን ከተማ ውስጥ ነው የሚኖረው። ከብቱ ግን ከ100 ሺህ ይበልጣል።

ሳሩን ገልጠው ቢያዩት ሥሩ አሸዋ ነው። ሳንድሂልስ የሚባለው ይህ አገር ድሮ ነፋስ የከመረው አሸዋ ሲሆን ቀጥ አድርጎ የያዘው ሳሩ ብቻ ነው። አንድ ቦታ ላይ ሳሩ ከመጠን በላይ ተግጦ ከተገለጠ ነፋሱ ይገባና ጉድጓድ አድርጎ ይቦረቡረዋል። ስለዚህ ከብት አርቢዎቹ መንጋውን ከአንዱ መስክ ወደ ሌላው እያዘዋወሩ ሳሩን ያሳርፉታል። ከአሸዋው በታች ደግሞ ኦጋላላ የሚባል ሰፊ የከርሰ ምድር ውኃ አለ። አንድ ቀን መኪናዬን ዳር አስይዤ አንዱን የነፋስ መዘውር ቆሜ አየሁት። መዘውሩ በዞረ ቁጥር ከቧንቧው ጫፍ እፍኝ የማይሞላ ውኃ ቆም፣ ቀጠል እያለ ወደ ክብ የብረት ገንዳ ይወርዳል። ሦስት ጥቁር ላሞች ጠጥተው አፋቸው እየተንጠባጠበ ዞር ብለው አዩኝ። ከዚያ ውጭ የሚሰማ ድምፅ አልነበረም።

ምድሩ ላኮታ የሚባሉት የአገሬው ነባር ሕዝቦች ነበር። ዛሬም ከካውንቲው በስተሰሜን፣ የስቴቱን ድንበር እንደተሻገሩ ሮዝበድ የሚባለው ለእነሱ የተከለለው መሬት አለ። ወታደሩ በ1880 እ.ኤ.አ. ፎርት ናዮብራራን ሠራ፤ ሦስት ዓመት ቆይቶ ካውንቲው ተመሠረተ፤ ባቡርም ገባ። መንግሥት በ1862ቱ ሕግ መሬት ገብቶ ለሚሰፍር ሁሉ 65 ሄክታር፣ በእኛ ጋሻ ተኩል ያህል ይሰጥ ነበር። በዚህ አሸዋ ላይ ግን ጋሻ ተኩል ቤተሰብ አያኖርም። ስለዚህ በ1904 ኪንኬይድ የሚባል ሕግ ወጣና ለአንድ ሰፋሪ 259 ሄክታር፣ ከስድስት ጋሻ በላይ ተፈቀደ። ሰው ጎረፈ። ከባርነት አምልጠው ካናዳ የገቡ ሰዎች ልጆች ሳይቀሩ መጥተው ብራውንሊ አጠገብ ዴዊቲ የሚባል የጥቁሮች መንደር ቆረቆሩ። በ1920 የካውንቲው ሕዝብ ከ11 ሺህ አልፎ ነበር። ስድስቱ ጋሻም አልበቃ አለ። አንዱ ሲሸጥ ጎረቤቱ እየገዛ እርሻው ሰፋ፣ ሰው አነሰ። ዴዊቲም ተፈታች፤ ዛሬ የቀረው የመንገድ ዳር መታሰቢያ ነው።

በእኛ ዘንድ የሆነው የዚህ ተቃራኒ ነው። የ1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ ለአንድ ቤተሰብ እስከ 10 ሄክታር ፈቀደ፤ የመንዝ ገበሬ ያን ያህል አግኝቶ አያውቅም። አባቴ የደረሰውን ለእኛ ለልጆቹ ሲያካፍል ለእያንዳንዳችን የምትደርሰው ቁራጭ አንድ ጥማድ በሬ አዙሮ የማያሳርስ ሆነች። ጓሳ የሚባለው የመንዝ የጋራ የሳር መሬት እንኳ ያልተቆራረሰው አባቶች አስቀድመው ሥርዓት ስላበጁለት ነው። ሳሩ ለዓመታት ተከልክሎ ይቆይና ለቤት ክዳንና ለገመድ ሲደርስ በውሳኔ ይከፈት ነበር። የሳንድሂልሱ አርቢ ሳሩን ሲያሳርፍ ሳይ ትዝ የሚለኝ ጓሳ ነው። ሳር ገደብ እንዳለው ሁለቱም አገር በራሱ መንገድ ደርሶበታል።

አገር ቤት ያሉ ወዳጆቼ ፎቶውን ሲያዩ «እንዲህ ያለ መሬት!» ይላሉ። እኔም ቀንቻለሁ። ኮዲ የምትባለውን መንደር ካየሁ ወዲህ ግን ቅናቴ ቀዝቅዟል። ከ200 ሰው በታች ነው የሚኖርባት። ሸቀጥ የሚሸጥ ሱቅ ጠፍቶባት ከቆየች በኋላ በ2013 እ.ኤ.አ. ግድግዳው በታሰረ ጭድ የተሠራ ሱቅ ከፈቱ፤ የሚያስተዳድሩትም የትምህርት ቤት ልጆች ነበሩ። ዕቃዬን የመዘገበችልኝ ልጅ አሥራ አምስት ዓመት ቢሆናት ነው። ሒሳቧ ፈጣን፣ ትሕትናዋ ልብ የሚነካ። እነዚህ ልጆች ሲመረቁ ወዴት እንደሚሄዱ ማንም ያውቀዋል።

ቫለንታይን ማደያ ላይ ያገኘሁትን ሽማግሌ አርቢ ስንት ከብት እንዳለው ጠይቄው ነበር። ፈገግ አለና «በቂ» አለኝ፤ በኋላ እንደሰማሁት በዚያ አገር ይህን መጠየቅ ነውር ነው። አባቴም በጎቹን ሰው ሲቆጥርበት አይወድም።

ማታ ደውዬ ይህን ሁሉ ነገርኩት።

«ታዲያ ሰው ከሌለ ማን ያግዛቸዋል?» አለኝ።

«በግንቦት ጥጃ ምልክት ሲያደርጉ ጎረቤቱ በፈረስ ይሰበሰባል፤ ዛሬ እዚህ፣ ነገ እዚያ፣ ባለቤቱ አብልቶ ይሸኛል» አልኩት።

«ወንፈል ነዋ!» አለ፣ ደስ ብሎት። ትንሽ ዝም ካለ በኋላም «ልጆቹስ?» አለኝ።

«ከተማ ገብተዋል፣ አባባ።»

«እህ» አለ። ከዚያ ስለ በልጉ ዝናብ አወራን።